ጥበቃው አለ፣ ጠበቃው የለም

ከ«ጠ» እስከ «ጥ» በፊደል ገበታ ላይ አምስት እርምጃ ነው። ጠ፣ ጡ፣ ጢ፣ ጣ፣ ጤ፣ ጥ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ በአንድ ትንፋሽ ይወጣዋል። ከ«ጥበቃ» እስከ «ጠበቃ» ያለው መንገድ ግን፣ ቢያንስ በእኛ ሰፈር፣ ዕድሜ ይፈጃል። ጥበቃ የሌለው በር የለም። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ማርያም ስወጣ በባንኩ በር፣ በፋርማሲው በር፣ በሱፐርማርኬቱ በር፣ ገና ጣሪያ ባልለበሰው ሕንፃ በር ሳይቀር ጥበቃ ቆሟል። ኪሴን ዳብሶ፣ ፌስታሌን ገልጦ አይቶ፣ «ይለፉ አባት» ይለኛል። ጠበቃ ግን በዚህ ዳገት ሲወጣም ሲወርድም አይቼ አላውቅም። ካለፈም መስታወቱን ዘግቶ በመኪና ነው ያለፈው።

ይህን የምለው ለሌባ ልቆም ፈልጌ አይደለም። ሌባ ያቃጠለኝ ሰው ነኝ። በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ የውኃ ቆጣሪዬን ነቅለው ወስደዋል፤ ለሁለተኛው ቆጣሪ ልከፍል ስሄድ ገንዘብ ተቀባይዋ በስሜ ጠራችኝ። የወንድሜን መኪና ስፖኪዮ ለቀብር በቆመበት ፈትተውበታል። በሰፈራችን ጫማውን በረንዳ ላይ ያሳደረ ሰው ጠዋት በነጠላ ጫማ ነው ሥራ የሚገባው። እሮሮዬ ወዲህ ነው። «ሌባ!» ከሚለው ጩኸትና «ጥፋተኛ ነው» ከሚለው ፍርድ መካከል አንዲት ጊዜ አለች፤ እኔ የማማርረው እሷን ነው። ወደዚያች ጊዜ ልጅ፣ ወንድም ወይም ባል ያልሸኘ ቤት በሰፈራችን እየቀነሰ መጥቷል። የገባባትም ሁሉ የሚያወራው አንድ ዓይነት ነው።

የጎረቤቴን ልጅ ነገር ላንሣ። ዕድሜው 19 ነው። ሽሮ ሜዳ ከሸማ ነጋዴዎቹ ዘንድ ጥቅል ሲሸከም ይውላል። አንድ ዓርብ ማታ ሱፐርማርኬት ገብቶ ለዳቦና ለሳሙና ከፍሎ ሲወጣ ጥበቃው የጃኬቱን ኪስ ዳበሰና አንድ ዲዮድራንት አወጣ። ልጁ «ስልክ ሲደወልልኝ ኪሴ ከትቼ ረሳሁት» አለ። ጥበቃው «እንዲህ የማይል የለም» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ለቅዳሜ ቀጠሮ ነበረው ይላሉ የሰፈር ልጆች፤ ሳምንቱን በላብ የዋለ ተሸካሚ አንድ ቀን ደኅና ልሽተት ቢል አይፈረድበትም። ሰርቋል? ረስቷል? እስከ ዛሬ አላውቅም። ማወቅም የእኔ ሥራ አልነበረም። ያንን የሚያጣራ ቤት አለ ተብለን ነው ያደግነው።

የመጀመሪያው ችሎት የተሰየመው ግን እዚያው በር ላይ ነው። «ሌባ!» የሚለው ቃል ከሱፐርማርኬቱ በር ተነሥቶ ታክሲ መያዣው ጋ ለመድረስ ደቂቃ አልፈጀበትም። አንዱ በጥፊ ተቀበለው፤ ሌላው በስልክ ካሜራ። ማታውኑ ፊቱ በቲክቶክ ዞረ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል። የቲክቶክ ችሎት ይህ አንቀጽ አልደረሰውም፤ ይግባኝም አይቀበልም።

የድሮዎቹም ከእኛ የተሻሉ አልነበሩም። ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበራቸው። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጡና ወገቡን በገመድ ይዘው ይከተሉታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፣ ይከፍላልም። ዛሬ ይህን ስንሰማ እንስቃለን። እኔ ግን የዚያን ዓርብ ማታ ስልካቸውን ቀስረው የሚንጋጉትን ጎረምሶች ሳይ ገመዱን ብቻ ነው ያጣሁት።

ቁራኛ የሚባለው ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንዳንዴ ይናፍቀኛል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉበት እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ተቀምጬ ስለ እሱ አስባለሁ። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ ዳኛ ፊት አብረው ይቆማሉ። ዳኛው ሲዘገይ ሁለቱም ይጎሳቆላሉ፤ ስለዚህ ሁለቱም ነገሩ ቶሎ እንዲቆረጥ ይሳላሉ። ዛሬ የሚታሰረው አንዱ ብቻ ነው። ሱፐርማርኬት በሰንሰለት አይቆራኝም። ቀጠሮ ቢራዘም የሚከሳ ጎን፣ ቢውል ቢያድር የምታለቅስ እናት የለችውም።

ዓርብ ማታ የተያዘ ሰው ደግሞ ቀን መቁጠሪያው ሌላ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19። ዓርብ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተነሥተን 48 ብንቆጥር እሑድ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እንደርሳለን። በዚያ ሰዓት የእኛ ልጅ የሚቀርብበት ችሎት አላገኘንም። ዳኛ ያየው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ሁለት ሌሊት ከግማሽ ሰፈር ጋር ተጨናንቆ አደረ፤ ሦስተኛውንም ደገመ። እናቱ በፌስታል እንጀራ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሻይ ታመላልሳለች። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ትሑት ልጅ ነው፤ «እማማ፣ እኔ እኮ ትእዛዝ ነው» ይላታል። በዚህ አገር ትእዛዙን የሚሰጠውን ሰው ያገኘች እናት የለችም።

ሰኞ ችሎት ፊት መርማሪው «ቀሪ የምርመራ ሥራ ስላለብኝ 14 ቀን ይፈቀድልኝ» አለ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የበለጠ አይፈቀድም ይላል፤ ጠያቂ ሁሉ ግን ጣሪያውን እንደ ወለል አድርጎ ነው የሚጠይቀው። ዕቃው ተይዟል። ጥበቃው ቃሉን ሰጥቷል። ካሜራው ቀርጿል። የቀረው ምርመራ ምን ይሆን? ምናልባት የዲዮድራንቱ ግብረ አበር። ዳኛዋ አምስት ቀን ሰጡት። «የሚቃወም አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ልጁ ዙሪያውን አየ፤ ሌላ ሰው የተጠየቀ መስሎት ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ነገር አልፏል፤ የሁሉም ነገር ሥር እሱ ነው። «ቃልህን ስጥ» ተባለ። ያንኑ አንቀጽ 19 ብታነቡት፣ የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው፤ የሚሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችልም ይነገረዋል። ተነግሮት ይሆናል። ግን ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያነጋ፣ ጥፊ የቀመሰ፣ ነገ እናቴን በምን ዐይኔ አያታለሁ የሚል የ19 ዓመት ልጅ «ዝም ማለት ትችላለህ» ሲባል የሚሰማው «ዝም ብትል ይብስብሃል» ተብሎ ነው። የነገሩን ልዩነት የሚያስረዳው አንድ ሰው ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ እዚያ የለም። አብረውት የታሰሩት ግን ነበሩ። ሦስት ጊዜ የገባ አንዱ «እመን፣ ቶሎ ትወጣለህ» አለው። ምክሩ ነጻ ነው። ዋጋው በኋላ ነው የሚመጣው።

በውጭም ቢሆን የምክር ችግር አልነበረብንም። ጎረቤቴ ቤት ቡና ተፈላና ችሎቱ ተሰየመ። አንዷ «ይካድ፣ ምን አባታቸው ያመጣሉ» አለች። ሌላዋ «አምኖ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ፈረንጅ አገር እንኳ ይምራሉ» አለች። የታክሲ ረዳቱ የአክስቱ ልጅ የተፈታበትን መንገድ አስረዳ፤ ነገሩ የትራፊክ ክስ ነበር። እኔም ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝና «ቲቸር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ስባል አላውቅም ማለት አቅቶኝ ስለ መንግሥት ሥልጣን ክፍፍል ተናገርኩ። ቡናው ሦስተኛው ሲወርድ ልጁ አራት ጊዜ ተፈቶ አምስት ጊዜ ተፈርዶበት ነበር። በሕግ ጉዳይ በዚህ አገር የማያውቅ ሰው የለም፤ የሚያውቁትን ለማግኘት ነው የሚቸግረው።

ሽማግሌም ላክን። ሥራ አስኪያጁ በአክብሮት ተቀበለን፣ ሻይም አዘዘልን። «አባቶቼ፣ እኔ ይቅር ብያለሁ፤ ግን ከእጄ ወጥቷል፣ ነገሩ የመንግሥት ነው» አለን። እውነቱን ነው። ስርቆት ባለ ንብረቱ ስለማረ ብቻ የሚቀር ክስ አይደለም። ይህን ደግሞ ከሻዩ በኋላ ሳይሆን በፊት የሚነግረን ሰው ቢኖር ነጠላችንን አጣፍተን ዳገቱን ባልወረድን ነበር።

እንግዲህ ጠበቃ እንፈልግ ተባለ። የጠበቃው አበል ሲነገረን እናትየዋ ትንሽ አሰበችና «ይሄ ስንት ዲዮድራንት ይገዛል?» አለች። ጠበቃው ሳቀ፤ እሷ ግን የጠየቀችው ከልቧ ነው። በጠበቃው አልፈርድበትም። ቢሮ ይከራያል፣ ግብር ይከፍላል፣ ልጆቹን ያስተምራል። የተሰረቀው ዕቃ ዋጋ ሲያንስ የጠበቃው አበል አብሮ አያንስም፤ ፋይሉም ቀጠሮውም ያው ነው። ጥቃቅን ክስ የሚጎዳው እንዲህ ነው። የሚሊዮኖች ብር ክስ ያለበት ሰው ከሚሊዮኑ ላይ ቆንጥሮ ጠበቃ ይገዛል። የዲዮድራንት ክስ ያለበት ከምኑ ይቆነጥራል?

ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ ግን ርካሽ አለ። ጥላ ሥር ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች ደኅና ናቸው፤ ቢያንስ የሚሸጡትን ያውቃሉ። የሚያስፈራው ጥላ የሌለው ነው፤ ጉዳይ ገዳዩ። ጠጋ ብሎ «እናቴ፣ ውስጥ የማውቀው ሰው አለ» ይላል። ውስጥ ማንንም አያውቅም። የሚያውቀው የእናትን ፊት ማንበብ ነው። ከጎረቤቴ የወሰደው ገንዘብ የዲዮድራንቱን ዋጋ ብዙ እጥፍ ነበር፤ እሱን ግን ማንም «ሌባ!» ብሎ አልጮኸበትም። ቀና ብሎ፣ ሰላምታ እየሰጠ፣ በዋናው በር ወጣ። ጥበቃውም አልፈተሸውም።

«ነጻ የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። አለ። ችግሩም መኖሩ ነው፤ ባይኖር ተስፋ ቆርጠን እንተኛ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በዚያው በአንቀጽ 20፣ አቅም የሌለው ተከሳሽ ፍትሕ የሚጓደልበት ሁኔታ ሲያጋጥም መንግሥት ጠበቃ ያቁምለት ይላል። ለዚህም የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አለ፤ ስሙን አብዛኞቻችን የሰማነው የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በቀረቡበት ዘመን ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ያገልግል ይል ነበር። ከእኛ ሰፈር ቁልቁል ስድስት ኪሎ ያለው ዩኒቨርሲቲ የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት። ለሴቶች ደግሞ በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። ወረቀት ላይ ብትደምሩት አንድ ድሃ በጠበቃ ተከቦ መንቀሳቀሻ የሚያጣ ይመስላችኋል።

ነገር ግን የእንጦጦን ጅብ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሌሊት ከባሕር ዛፉ ሥር ይወርዳል፣ ገንዳውን ገልብጦ፣ ያገኘውን ግልገል ይዞ ይመለሳል። ውሾቻችን የሚነሡት ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የእኛም ነጻ ጠበቃ እንዲሁ ነው። ቃሉ ሲሰጥ የለም። ወረቀቱ ሲፈረም የለም። የጊዜ ቀጠሮው ሲጠየቅ የለም። ክሱ ተጽፎ፣ መዝገቡ ተከፍቶ፣ ተከሳሹ ሳጥኑ ውስጥ ቆሞ፣ ዳኛው «ጠበቃ አለህ?» ሲሉት፣ ያኔ ነው «ይቁምልኝ» የሚባለው። ቢቆምለትም በዚያው ጠዋት ኮሪደር ላይ አግኝቶት «ምን ነበር ያደረግኸው?» ይለዋል። «ፍትሕ የሚጓደልበት ሁኔታ» የምትለዋ ሐረግ ደግሞ ከባድ ወንጀል ላይ ነው ዐይኗን የምትገልጠው። ለዲዮድራንት ፍትሕ ተጓደለ ማን ይላል? ትንሽ ሰው ግን ትንሽ ክስ የለውም።

ደግሞ ድህነትም ማስረጃ ያስፈልገዋል። የነጻ ድጋፍ የሚሰጠው ቦታ «ከወረዳ የድህነት ማረጋገጫ አምጡ» አለን። ወረዳው «ተከራይ ናችሁ ወይስ ባለ ቤት?» አለን። ጎረቤቴ የቀበሌ ቤት ነው ያላት፤ «እንግዲያው ቤት አላችሁ» ተባለች። ሲስተም የለም ተብለን አንድ ቀን፣ ኃላፊዋ ስብሰባ ናቸው ተብለን አንድ ቀን፣ ማኅተሙን የያዘችው ልጅ ወልዳለች ተብለን አንድ ቀን ተመለስን። እኛም እንኳን ማርያም ማረቻት አልን። በአራተኛው ቀን ድህነታችን በክብ ማኅተም ጸደቀ። ሰው ድሃ ለመሆን ይህን ያህል እንደሚደክም አላውቅም ነበር፤ ሀብታም ለመሆን ያነሰ የሚጠይቅ ይመስለኛል።

ዋስትናውም ያው ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ወንጀሉ መፈጸሙ ወይም ያ ሰው መፈጸሙ ሲያጠራጥር መርማሪው ራሱ በዋስ ሊለቅ ይችላል ይላል። «ይችላል» ነው፤ «አለበት» አይልም። በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል የስንት እናት እንጀራ ቀዝቅዟል። በመታወቂያ ዋስ ይወጣል ብለን ስንጠብቅ ነገሩ ወደ ችሎት ሄደ፤ ችሎቱም ገንዘብ ወይም የደመወዝ ዋስ ጠየቀ። መቼም 38 ዓመት አስተምሬያለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። «አባቴ፣ ጡረታ አይሆንም፤ በሥራ ላይ ያለ ይምጣ» አሉኝ። ከተማሪዎቼ መካከል ዶክተርም፣ ኢንጂነርም፣ ዳኛም አሉ። ደወልኩ። ግማሾቹ ስብሰባ ናቸው፤ ግማሾቹ «ቲቸር፣ መሥሪያ ቤቱ የዋስትና ደብዳቤ አይጽፍም» አሉኝ። በመጨረሻ ዋስ የሆነው አራተኛ ክፍል ሁለት ጊዜ የጣልኩት ልጅ ነው። አሁን የመንግሥት ሾፌር ሆኗል። ወረቀቱን ሲፈርም ዐይኑን አላነሣብኝም፤ መሬት መሬት ያየሁት እኔው ነኝ።

ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ አንዲት ቃል። ክሱ የቀረበው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 ነው፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ ማለት ነው። ስርቆት ቀላል እስራት አለዚያም እንደ ነገሩ ሁኔታ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ክሱ ተነበበ። ዳኛው «ድርጊቱን ፈጽመሃል? የእምነት ክህደት ቃልህን ስጥ» አሉት። ልጁ «አዎ ጌታዬ፣ ግን…» አለ። ከ«ግን» በኋላ ያለውን አልሰማሁትም፤ ድምፁ ቀጭን ነበር፣ አዳራሹ ይጫጫል፣ ቀጣዩ ባለ ጉዳይ ስሙ ተጠርቶ ወንበር እየጎተተ ነበር። መዝገቡ ላይ የገባው «አዎ» ነው።

በኋላ አንድ የሕግ ሰው ሲነግረኝ ክው አልኩ። ተከሳሽ ሳያወላውል፣ ክሱን በሙሉ ካመነ ነው አመነ የሚባለው። «አዎ፣ ግን» ካለ፣ በማመንታት ካመነ፣ ሕጉ «ካደ» ብለህ መዝግብ ይላል፤ ከዚያ ዐቃቤ ሕግ ምስክሩን ያሰማል። አንቀጽ 665ም ቢሆን ዕቃው ኪስ ውስጥ ተገኘ አይልም፤ ተገቢ ያልሆነ ብልጽግና ለማግኘት አስቦ መውሰድ ነው የሚለው። የረሳ ሰው አላሰበም። ሕጉ ደግሞ ዋጋው እጅግ ያነሰ ዕቃ ሲሆን ወደ ደንብ መተላለፍ የሚወርድበት መንገድም አለው። እንግዲህ የልጁ መከላከያ በሙሉ ያለችው በዚያች «ግን» ውስጥ ነበር። ጠበቃ ማለት ለካ ጥቁር ካባ ለብሶ የሚጮህ ሰው አይደለም፤ «ግን» የምትለዋን ቃል እንዳትወድቅ የሚይዝ ሰው ነው። ሱፐርማርኬቱ ለዲዮድራንቱ ጥበቃ ነበረው። ለ«ግን» የቆመላት አልነበረም።

አንድ ጌዴዎን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ግዛት አንድ የቢሊያርድ ቤት ሰብሮ ገብቶ ከማሽን ሳንቲም ሰርቋል ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃ ይቁምልኝ አለ፤ ክስህ ለዚያ አይበቃም ተባለ። ራሱን ተከላክሎ ተረታ፣ አምስት ዓመት ተፈረደበት። እስር ቤት ቁጭ ብሎ በእርሳስ ጽፎ ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አመለከተ። ፍርድ ቤቱ በ1955 ዓ.ም. በአንድ ድምፅ፣ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ድሃ ጠበቃ ሊቆምለት ይገባል ብሎ ወሰነ። ጉዳዩ በጠበቃ ሲደገም ጌዴዎን ነጻ ወጣ። ሰውዬው ያው ነው፣ ሳንቲሙም ያው ነው። የተለወጠው አጠገቡ የቆመው ሰው ብቻ ነው። እንግሊዞች ደግሞ ይህንኑ ወደ ፖሊስ ጣቢያ አወረዱት፤ የተያዘ ሰው ገና ቃሉን ሳይሰጥ በነጻ የሚያማክረው ተረኛ ጠበቃ አላቸው።

ተረኛ! እኛ እኮ ቃሉን እናውቀዋለን። ሌሊት ልጅ ሲታመምብን «ተረኛ ፋርማሲ የት ነው?» ብለን እንሮጣለን፤ ይገኛልም። ተረኛ ፋርማሲ ያላት ከተማ ተረኛ ጠበቃ ምን አስቸገራት? በዓመት 50 ሰዓት የምትለዋን በጥቂት የዓርብ ማታዎች ብናከፋፍላት የእኛን ጣቢያ አንድ ሌሊት አታበራውም? ይህን ለአንድ የማውቀው ሹም ነገርኩት። «ጥሩ ሐሳብ ነው ጋሼ፣ በጽሑፍ ያስገቡት» አለኝ። አስገባሁ። ገቢ ሆኗል ተብያለሁ።

ይህም ሆኖ የእኛ ልጅ ዕድለኛ ነው፤ ዳኛ አይቷል። ጠዋት በእንጦጦ መንገድ የምታልፉ ከራሳቸው የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ታጥፎ የሚወርዱትን ሴቶች ታያላችሁ። ስርቆት በዚህ ተራራ ላይ ሱፐርማርኬት ሳይከፈት የነበረ ክስ ነው። ጫካ ጠባቂው ያስቆማቸዋል፤ ሸክሙን ያስጥላል፣ ገመዱንም ይወስዳል። ክስ የለም፣ መዝገብ የለም፣ ዳኛ የለም። የቀኑ እራት እዚያው መንገድ ዳር ይቀራል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት አባቶቻችን እነዚህን ሴቶች አይተው ይመስለኛል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ተራራው አምሯል፣ ጥበቃውም በዝቷል። የጠበቃው ቁጥር ያው ነው።

ልጁ ወራት አልታሰረም። ዳኛው ዕድሜውንና የመጀመሪያ ጥፋቱ መሆኑን አይተው ቅጣቱን ገደቡለት። ቡና ተፈላ፣ ድፎ ተቆረሰ፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» ተባለ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር።

ባለፈው ወር ማታ በሬን አንኳኳ። ሸክሙ ወገቡን ስለጎዳው ሌላ ሥራ አግኝቶ ነበር፤ ቅጽ እንድሞላለት ነው የመጣው። መነጽሬን አድርጌ አንዱን ከአንዱ ስል የመጨረሻው መስመር ላይ ደረስኩ፤ ከፖሊስ የተሰጠ ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ይያያዝ ይላል። ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ደግሞ እንደ ድሮው እጁን ኪሱ ውስጥ አልከተተም፤ የእንጦጦ ብርድ እየቆረጠው ሁለት እጁን ፊት ለፊቱ አጣምሮ ቆሟል።

«ቲቸር፣ ይሄን ብንዘለውስ?»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ጥበቃ» አለኝ።